ለአንዲት ደቂቃ የሚመጣው ሰው

በዚያች የቴክሳስ ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀምር ሲል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሜዳው ላይ ወድቆ የሞተው የቡድኑ ተጫዋች የኮርቤት ስም ይጠራል። አንድ ሰው በየዓመቱ ለዚያች ደቂቃ ብቻ ይመጣል። ፀሐይ ያነጣውን ኮፍያ አውልቆ አጥሩን ይደገፍና፣ ስሙ እንደተጠራ ይወጣል።

ዘንድሮ በሩ ላይ ትኬት የምትቆርጠው ዊልማ፣ የሟቹ ታናሽ እህት፣ አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ ጨዋታውን አያዩም እንዴ? ልጁን ያውቁት ነበር?»

«አንድ ቀን ብቻ ነው የተገናኘነው» አላት ኮፍያውን እያሻሸ። «ለተጋጣሚው ቡድን ነበር የምጫወተው። ኳሱን ይዞ ሲሮጥ መትቼ የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ዊልማ «እናታችን እኮ እስክትሞት ድረስ አንድ ቀንም አልወቀሰችዎትም» ልትለው ፈለገች። ግን ሰውየው ኮፍያውን ደፍቶ ዞረ። ትኬቶቹን አስቀምጣ ስትከተለው፣ መኪናውን አስነስቶ ሄዷል።