«ለብ ብሏል፣ ጨምርበት»

ሰፈሩ «ክብሪት» ይለኛል። እውነተኛ ስሜን የሚያውቁት እህቴና መንጃ ፈቃድ የሰጠኝ መሥሪያ ቤት ብቻ ናቸው። ለምን ክብሪት እንደተባልኩ ማወቅ የፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ፣ እዚያው ያየዋል። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ታላቅ እህቴ ነው፤ እታለም እላታለሁ። በመሃል ከተናደድኩ ዝም በሉኝ፣ ያልፍልኛል።

እታለም ምንጣፍ አጣቢ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሌላ ሥራ አልሠራችም። እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። የሰው ምንጣፍ ተሸክማ ታመጣና ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ ዘርግታ፣ ተንበርክካ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በብሩሽ ትፈትገዋለች። ከዚያ ጠርዙን በሁለት እጇ ይዛ እየጠመዘዘች ትጨምቀዋለች። ውሃ የጠጣ ምንጣፍ ጨምቃችሁ ታውቃላችሁ? ሬሳ ይቀላል። እኔን ያበላኝ፣ ያለበሰኝ፣ ፊደል ያስቆጠረኝ ያ እጅ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት መኪናዋን ገዛን። ዝግ የጭነት መኪና ናት፤ ከኋላዋ የውሃ ታንከር፣ ፓምፕና መምጠጫ ማሽን ተጭኖባታል። ሰው ደጅ እናቆማታለን፣ ሞተሩ አይጠፋም፣ ረጅሙን የውሃ ጎማ በበር እናስገባለን። እታለም ጎማው ጫፍ ላይ ያለውን ብረት ይዛ ሙቅ ውሃ ትረጫለች፣ ቆሻሻውን ከነውሃው መልሳ ትመጥጣለች። እኔ መኪናዋ ጋ ቆሜ ሙቀቱንና ግፊቱን እጠብቃለሁ። ውሃውን የሚያሞቀው የመኪናዋ የራሷ ሞተር ነው። ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የጋለው ውሃ በማሞቂያው በአንድ በኩል ያልፋል፣ የምናጥብበት ውሃ በሌላ በኩል፤ ሳይቀላቀሉ ሙቀት ይቀባበላሉ። እሳት የለው፣ ጭስ የለው።

የሙቀት መለኪያው በሁለተኛው ዓመት ተሰበረ። ልቀይረው ስል እታለም ሳቀችብኝ። «እኔ መለኪያ አለኝ» ብላ ጣቶቿን አወዛወዘችልኝ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይኸው ነው፦ ሥራ ከመጀመራችን በፊት የሚረጨውን ውሃ በጣቶቿ ጫፍ ትነካዋለች። «ይበቃል» ካለች ይበቃል። «ለብ ብሏል፣ ጨምርበት» ካለች መዝጊያውን አዙሬ እጨምርበታለሁ። ለሱፍ ቀነስ፣ ለሌላው ሞቅ። ስንት ዓመት ስንሠራ አንድ ምንጣፍ አበላሽተን አናውቅም ነበር።

ከዓምና ጀምሮ ግን «ለብ ብሏል» በዛ። ጨምር፣ እጨምራለሁ። ጨምር፣ እጨምራለሁ። መዝጊያው ዞሮ ዞሮ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ከሁለት ወር በፊት የአንድ ጡረተኛ መምህር የሱፍ ምንጣፍ አጥበን ስንጨርስ፣ ቀዩ ቀለም ነጩ ውስጥ ገብቶ፣ ጠርዙ ተሰብስቦ አገኘነው። መምህሩ አልጮኹብንም። «ለማንም አልናገርም። እናንተ ግን ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርሱ» አሉን። ምነው በጮኹብን! እታለም ሦስት ቀን እህል አልበላ አላት። እኔ ደሜ ፈልቶ ሳሙና ሻጩ ጋ ሄድኩና ሱቁን በጩኸት ሞላሁት። «ምን ዓይነት መርዝ ነው የሸጥክልን?» አልኩት። ሰውየው እስከ ዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

አልናገርም ያሉት መምህር አልተናገሩም መሰለኝ፣ ወሬው ግን እግር አውጥቶ ሄደ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ የአርባ ክፍል ምንጣፍ እንድናጥብለት ጠርቶን ነበር፣ ሁሉም ሱፍ። የጽዳት ኃላፊዋ እታለምን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «የመምህሩን ሰምቻለሁ። ሰኞ ትጀምራላችሁ። አንዲት ምንጣፍ ብታበላሹ እዚህ ከተማ ውስጥ ሌላ ምንጣፍ እንደማትነኩ እወቁት» አለቻት። እታለም ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ሌላ ሙያ የላት። ያላት እኔና ምንጣፍ ነን፤ በእኔ ደግሞ ማን ይመካል!

ረቡዕ ዕለት መኪናዋን ስንሞክር ጣቷን ነከረችና፣ «ይሄ ማሞቂያ ሞቷል» አለች። እሷ ሞቷል ካለች ሞቷል። ኪያቬ አነሳሁ፣ ብሎኑን ፈትቼ ማሞቂያውን ከነቱቦው ነቅዬ ግቢ ውስጥ ወረወርኩት። አልበቃኝም፣ በእርግጫም አልኩት። ጎኑ ገባ፣ የእግሬም ጣት አበጠ። ደግ አደረግሁ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት እያነከስኩ ከእታለም ጋር አዲስ ማሞቂያ ልንመርጥ ሄድን።

ሻጩ ራሱን «ኢንጂነር» ያስብላል። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ማለት እሱ ነው። ገና ስንገባ እታለምን ወንበር ሰጥቶ፣ እኔን እንዳላየ አለፈኝ።

«እናቴ፣ ለእርስዎ የሚሆነው የጋዙ ነው። በሁለት ደቂቃ ያፈላልዎታል» አላት።

«ሲሊንደሩ የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

«መኪናው ውስጥ ነዋ፣ ከማሞቂያው ጎን።»

«ዝግ መኪና ውስጥ? እሳት እየነደደ? አየሩስ በየት ይወጣል?»

«መስኮት ትከፍታለህ፣ ወንድሜ። ስንቱ ይሠራበት የለ እንዴ?»

«ስንቱ ነደደ? እስቲ እሱን ንገረኝ! አንተ ከነቤተሰብህ ትሳፈርበታለህ?»

እታለም ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን ጀምሬ ነበር። እህቴን ቦምብ ላይ አስቀምጦ ሊሸኛት ነው፣ እሱ እዚህ ሆኖ «ኢንጂነር» ሊባል! የጋዙ ነገር በዚሁ አበቃ። ሁለተኛው የሞተር ሙቀት የሚጠቀም ነው፣ የእኛው ዓይነት፣ አዲስ። ሰውየው በእግሩ ጫፍ ገፋ አደረገው። «ይሄ ያለፈበት ነው። ለብ ከማድረግ አያልፍም።» እታለም ተንፍሳ፣ «እሱንማ አየነው» አለች። ሦስተኛው በናፍጣ የሚነድ ነው። ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ ያስወጣል፣ የራሱ ማጥፊያ አለው፣ ሙቀቱም ኃይለኛ ነው። ናፍጣ ይጠጣል፣ ሲነሳም እንደ ጎረቤት ጠብ ይጮኻል። ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን «ይሄን እስቲ አሳየን» አልኩት።

ጓሮ ይዞን ወጣና አስነሳው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው በጎማው ጫፍ መውረድ ጀመረ። እታለም እጅጌዋን ሰብስባ ጣቶቿን ከውሃው ስር አደረገች።

«ለብ ብሏል፣ ጨምርበት» አለች።

ጨመረበት። እጇን አልመለሰችም።

«አሁንም ለብ ነው።»

ሰውየው መለኪያውን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ መለኪያውን አየ። «እናቴ… ስልሳ ዲግሪ አልፏል እኮ» አላት።

ሃያ ስድስት ዓመት ውሃ የዳሰሰ እጅ ፊት ለፊት ውሸት! «መለኪያህም እንዳንተ ቀጣፊ ነው! የእሷ ጣት ለብ ነው ካለ ለብ ነው!» አልኩና እጄን ከእሷ እጅ አጠገብ ሰደድኩ።

ወላዲተ አምላክን ጠርቼ ዘለልኩ። እጄ በእሳት የተያዘ መሰለኝ። እየረገምኩ፣ እፍ እያልኩበት፣ ሰውየውን ልሰድብ ቀና ስል እታለምን አየኋት። ምን ሆነ ብላ ዞራ ታየኛለች። እጇ አሁንም ውሃው ስር ነው።

ክንዷን መትቼ አስወጣሁት። ጎትቼ ጥጉ ላይ ካለው የቀዝቃዛ ውሃ በርሜል ውስጥ ነከርኩት። የጣቶቿ ጫፍ ቀልቷል፤ እሷ እቴ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያየሁት። አውራ ጣቷና ሦስቱ ጣቶቿ ላይ አሮጌ ጠባሳ ነበር፣ አንዱ በአንዱ ላይ። እኔ የሳሙና መላጥ ነው ብዬ አልፌው ነበር። በየቀኑ አብሬያት እየበላሁ!

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«እታለም!»

በርሜሉ ውስጥ እያየች መለሰችልኝ። «ከዓምና በፊት መርፌ መርፌ ይለኝ ነበር። ከዚያ ተወኝ። ዳነ ብዬ ደስ አለኝ።» ጣቶቿን ውሃው ውስጥ አገላበጠችና፣ «ደንዝዟል። ይሄን ያህል ግን አልመሰለኝም። ማሞቂያው ነው፣ ማሞቂያው ነው እያልኩ ራሴን አሞኘሁ» አለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ጩኸቴ የጎረቤት ሱቅ ሰው አስወጣ። «ለምን? እኔ ማነኝ? ሾፌርሽ ነኝ ወይስ ወንድምሽ?»

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

አፌን ከፍቼ ነበር። ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «በቃ፣ ከእንግዲህ ቤት ተቀመጪ።» አፌን ዘጋሁት።

«አየህ?» አለችኝ።

ሰውየውን መስደብ ፈልጌ ነበር፣ ግን እሱ ሮጦ ንጹሕ ጨርቅ አምጥቶ ቆሟል። ሰው ሲናደድ የሚሰድበው ማጣትን የመሰለ ሥቃይ የለም። ከእሱ የገዛሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የሙቀት መለኪያ፣ ቁጥሩ ከሩቅ የሚነበብ። ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ። ሐኪሟ የእጅ አንጓዋን መታ መታ አደረገች፣ ጣቶቿን በስፒል ነካካች፣ እታለም አንዱንም አላወቀችውም፤ ከዚያ እጇን በፋሻ ጠቀለለችላት። ብዙ ዓመት በመጭመቅና ብረት አጥብቆ በመያዝ አንጓው ውስጥ ያለው ነርቭ ታፍኗል አለችን። ሕክምና እንዳለው፣ ቀጠሮ እንደምትይዝላት፣ የጠፋው ስሜት ይመለሳል ብላ ግን ቃል መግባት እንደማትችል ነገረችን። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለች። ይህቺን «ብትመጡ» እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እሑድ ጠዋት ግቢ ወጣሁ። ማሞቂያው ቀባሪ እንዳጣ ሬሳ ወድቋል፣ ጎኑ ላይ የእግሬ ምልክት አለ። አንስቼ አጠብኩት፣ የገባውን አቃናሁት፣ ወደ ቦታው መልሼ በቱቦው ላይ አዲሱን መለኪያ ገጠምኩበት። ሞተሩን አስነሳሁና ጠበቅኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መርፌው ሰማንያን አለፈ። ድሮም ደህና ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ እኔ ብረት ረገጥኩ፣ ሳሙና ሻጭ አዋረድኩ፣ ሰው በሌለው ጥፋት ቀጣፊ አልኩ። ጥፋቱ በደጃችን፣ በገዛ ዓይናችን ስር ነበር።

እታለም በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ ይዛ ከኋላዬ ቆማ መርፌውን ታያለች።

«የመምህሩን ምንጣፍ የቀቀልኩት እኔ ነኛ» አለች።

ሞተሩን አጠፋሁት።

«ነገ አንተ ሂድ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ብትሠራው ይሻላል። እኔ እንግዲህ ቤት ልቀመጥ።»

ያ የእኔ ቃል ነበር። ትናንት ምላሴ ላይ የነበረው። ከእሷ አፍ ሲወጣ ስሰማው እንዲህ ተናድጄ አላውቅም፣ በሕይወቴ። ኪያቬውን መሬት ላይ ጣልኩት።

«ማነው ቤት የሚቀመጠው? ማነው? ሱፉን ከሌላው አሽትቶ የሚለይ ማነው፣ እኔ? የትኛው ቀለም እንደሚለቅ፣ የትኛው እንደማይለቅ እኔ አውቃለሁ? እኔ የማውቀው መሪና መዝጊያ ነው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣትሽን ነው እንዴ የቀጠርኩት? አርባ ክፍል ብቻዬን ሰደሽ ልታዋርጂኝ ነው?»

«አትጩህ፣ ጎረቤት አለ።»

«ይስማ! ሰፈሩ በሙሉ ይስማ!»

ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና በግራ እጇ ኪያቬውን አንስታ ሰጠችኝ። ነገሩን በዚሁ ዘጋነው።

ሰኞ ጠዋት እንግዳ ማረፊያው ደረስን። የጽዳት ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። እታለም መጀመሪያው ክፍል ገብታ ተንበረከከች፣ የምንጣፉን ጠርዝ ገልጣ ጀርባውን አየች፣ አሸተተችው፣ ጥግ ላይ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫን አድርጋ ቀለም መልቀቁን አየች። «ከአርባ አምስት እንዳታሳልፈው» አለችኝ። መኪናዋ ጋ ወርጄ መዝጊያውን አዙሬ መርፌውን አርባ አምስት ላይ አቆምኩና ተመለስኩ። ብረቱን እኔ ያዝኩት። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ባልዲ ውስጥ ረጨሁ። የተጠቀለለው እጇ በልማድ ወደ ውሃው ሄደ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ። አየችኝ። የእኔን እጅ ሰደድኩ።

«እህ?» አለችኝ። ቁጥሩን ልነግራት ነበር። ግን ቁጥሩን ታውቀዋለች፣ ራሷ ናት የነገረችኝ።

«እማዬ ገላዬን ከማጠቧ በፊት፣ አንቺ ጣትሽን ነክረሽ ‹ይበቃል› ስትያት የነበረው ዓይነት ነው» አልኳት።

ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እሱ ነው። ይበቃል» አለች እታለም፣ ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገችና። «ጀምር እንግዲህ! ምን ትገተራለህ?»