የእህቴ ልጅ ልጄ የሆነችበት ቀን

አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ ዳኛዋ የሟች እህቴን ልጅ በሕግ የእኔና የባለቤቴ ልጅ አደረጓት። "እንኳን ደስ አላችሁ" ብለው ለልጅቷ የጨርቅ ድብ ሰጧት። ባለቤቴ እንባው መጣ።

"አልሐምዱሊላህ! ይህችን አገር አላህ ይጠብቅልን" አለ።

እኔም አሜን አልኩ፤ ያሰብኩት ግን እህቴን ነበር።

እህቴ ደሴ ታማ በተኛች ጊዜ፣ እዚህ አምጥቼ ላሳክማት ብዬ ደጋግሜ ቪዛ አስጠይቄላት ነበር። "ከሄደች አትመለስም" ብሎ ኤምባሲው ከለከላት። ለቀብሯ እንኳ አልደረስኩም። አባቷን ቀድማ ያጣችው ልጇ ግን ከረጅም ጥበቃ በኋላ ተፈቀደላት።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ባለቤቴ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ከልጅቷ ጋር ተቀምጫለሁ።

"አክስቴ፣ እማዬም እዚህ ልትመጣ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"አዎ፣ ልትመጣ ነበር።"

"ለምን ቀረች?"

ባለቤቴ በመስታወቱ አየኝ። "ዛሬ እንኳ ተይው፣ የደስታ ቀን ነው" አለኝ።

"ቪዛ ከለከሏት" አልኳት።

"እኔን ያስገቡኝ እማዬ ስለሞተች ነው?"

ከጉልበቷ የወደቀውን ድብ አንስቼ ሰጠኋት።

ቤት ስንደርስ ዘመድ ጎረቤቱ የአሜሪካ ባንዲራ የተሳለበት ኬክ ይዞ ጠበቀን። አንዲት ጎረቤታችን አቀፈችኝና "እድለኛ ነሽ፤ ይህ አገር ልጅ ሰጠሽ" አለችኝ።

"እህትም ነበረችኝ" አልኳት።

ባለቤቴ ቢላዋውን አንስቶ ኬኩን መቁረስ ጀመረ።