አንድ እርምጃ ወደኋላ

ጅጅጋ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ፣ ምረቃ፣ ሠርግ፣ የመጣውን ሁሉ አነሳለሁ። የባሕር ሰው አይደለሁም። ዋና የለመድኩት ድሬዳዋ፣ ሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ ከሕፃናት ጋር እየተንቦጫረቅሁ ነው። ግን አንድ ነገር ካማረኝ ሳላገኘው እህል የማይዋጥልኝ ክፉ አመል አለብኝ።

ነገሩን ያመጣው ጓደኛዬ ነው። አብረን ያደግን የሶማሌ ልጅ ሲሆን ደወሌ ጉምሩክ ላይ የጭነት መኪና እየጫነና እያወረደ ይኖር ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝበት ጅጅጋ እየመጣ ሠርግ ላይ መብራት ይይዝልኛል። ኮሮና ጋብ ካለ በኋላ ጅቡቲ ዘመድ ጠይቆ ተመለሰና "ወላሎ" አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። "ጅራት ያለው ቂጣ አየሁ። ከሳሎንህ ምንጣፍ ይሰፋል። ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ አሸዋው ላይ አብረው ይተኛሉ። ብዛታቸው አይነገርም።"

በቃ፣ ያ ጠፍጣፋ ዓሣ አእምሮዬ ውስጥ ተኛ። እሱም ሊወስደኝ ተስማማ፤ ግን ቶሎ መመለስ ነበረበት። በወሩ ድሬዳዋ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይፈተናል። "ጀርባዬን ሸክም ጨረሰው" ይል ነበር እየሳቀ፣ "ከእንግዲህ በቀኝ እግሬ ነው የምበላው።" ነዳጅ እንደሚሰጥ ሰው መሬቱን ጫን ያደርጋል። አራት ልጆች አሉት።

ስለ መብራት አያያዙ አንድ ነገር ልናገር። ሠርግ ቤት ጫጫታው ስለማያደማምጥ የምናወራው በእጅ ነው። መዳፌን ወደ እሱ ገፋ ካደረግሁ አንድ እርምጃ ወደኋላ ማለት ነው። መብራት ያዥ ዞር ብሎ ካየ መብራቱም አብሮት ይዞራል፣ የሙሽሪትም ፊት ይጨልማል። ስለዚህ አይዞርም። ከኋላው ገመድ ይኑር፣ ደረጃ ይኑር፣ የጋለ ድስት ይኑር፣ ማየት የኔ ሥራ ነው። ሌሎቹን ይህን ለማስተማር ልቤ ወልቋል። እሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይኑን ከእጄ ነቅሎ አያውቅም። "የዚህን ሰውዬ ዓይን ትንኝ አታመልጠውም" እያለ ለሙሽራ ቤተሰብ ይመሰክርልኝ ነበር።

ባቡሩን ይዘን ጅቡቲ ሄድን። ጀልባ ያከራየን ሽማግሌ ከመግባታችን በፊት በሶማሊኛ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩን፣ ለኔ የተረጎመልኝም ጓደኛዬ ራሱ ነው። "እግር አይነሳም ይላሉ። አሸዋው ላይ እየጎተትን ነው የምንሄደው። ከረገጥካቸው ጅራታቸው ላይ መርዛም እሾህ አለ።"

በመጀመሪያው ቀን ካሜራዬን ውኃ የማያስገባ ሽፋን አልብሼ፣ መብራት ይዤ ገባሁ። መብራቱ ውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አሸዋ እያበራ ፎቶውን ሁሉ ዱቄት የተበተነበት አስመሰለው። በማግስቱ ፊት ለፊት ስሄድባቸው ደመና አስነስተውብኝ ጠፉ። ሦስተኛው ቀን መብራቱን ትቼ፣ በሆዴ እየተሳብኩ፣ ትንፋሼን ይዤ ከጎናቸው ስቀርብ ዝም አሉኝ። ዓይናቸው ብቻ ከአሸዋው ወጥቶ ያየኛል። ከዳር እስከ ዳር እነሱ ናቸው። ነገር ግን የተኙትን ሳነሳቸው የተሰጣ ልብስ ይመስላሉ። ከአሸዋው አብረው መነሳት አለባቸው። ትልቅነታቸው እንዲታወቅም ሰው ያስፈልጋል።

ጓደኛዬን መካከላቸው አቆምኩት። ውኃው ደረቱ ድረስ ነው። መነጽሩን አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ እጄን ያያል። በካሜራው ውስጥ ሁሉንም አያለሁ። ከቀኝ ተረከዙ ኋላ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አንዷ ተኝታለች። አሸዋ ለብሳለች፣ ጅራቷ ግን ይታያል።

አየኋት። ለሽማግሌው፣ ለሐኪሞቹ፣ ለሚስቱ አላየሁም ብያለሁ። አይቻታለሁ።

እሱ ቢንቀሳቀስ እሷ ትነሳለች፣ እሷ ከተነሳች ሁሉም ይነሳሉ፣ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። መዳፌን ገፋ አደረግሁ። እሱም ሠርግ ቤት እንደለመደው ሳይዞር እግሩን አንስቶ ወደኋላ ረገጠ።

ሁሉም ተነሱ። ነጭ ሆዳቸው እያበራ ባሕሩን ሞሉት። በመካከላቸው የሱ አፍ ተከፍቷል፣ አረፋ ይወጣዋል፣ የሚስቅ ነው የሚመስለው። ካሜራውን ጥዬ ልይዘው ሲገባኝ ማንሳቴን ቀጠልኩ። በኋላ ስቆጥር እሾሁ ከወጋው በኋላ ያነሳሁት አሥራ አንድ ፎቶ ነው።

ሽማግሌው ለሻይ የጣዱትን ውኃ ባልዲ ውስጥ ገልብጠው እግሩን ነከሩለት። ሕመሙ ትንሽ ቀለል አለው። ቁስሉ ግን ደወሌ ስንደርስ አብጦ ነበር፣ ድሬዳዋ ስንደርስ ጠቆረ። ሐኪሞቹ የበሰበሰውን እየቆረጡ አወጡ፣ ጅማቱም አብሮ ሄደ። ቁርጭምጭሚቱ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም። በፈተናው ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ከዳነ በኋላም በዚያ እግር ማን ይፈትነዋል።

ፎቶው ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። ይህን ማለት ያሳፍረኛል፣ ግን እውነት ነው። በትልቁ አጥቤ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ሰቀልኩት። ደንበኛ ሁሉ "ሰውየው እንዴት ደስ ብሎታል!" ይላል። አዎ እላለሁ።

ባለፈው ዓመት እያነከሰ መጣ። አንድ መጋዘን ዘበኝነት ተቀጥሮ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ፈልጎ ነው። ግድግዳው ፊት ቆሞ ራሱን ለረጅም ጊዜ አየ። ቀጥሎ ጣቱን ከቀኝ ተረከዙ ኋላ፣ ከአሸዋው ውስጥ እየወጣ ያለው ጅራት ላይ አሳረፈ። እንዲጠይቀኝ ጠበቅሁ፣ ውሸቱን አዘጋጅቼ ነበር። አልጠየቀኝም።

"በል አንሳኝ፣ መኪና ያመልጠኛል" አለኝ።

ከነጩ መጋረጃ ፊት ቆመ። ትንሽ ቀርቦብኝ ስለነበር፣ እጄ ለምዶበት፣ መዳፌን ገፋ አደረግሁ። እጄን አየው። ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ወለል አየ፣ መጋረጃውን ገልጦ ከሥሩም አየ። ከዚያ የታመመውን እግሩን እየጎተተ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ።