አባቷ የፈተሹት አምባር

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «አንድ ይበቃል» ነው የምንላት። እኛ የምንሠራውን የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚጫኑ ቁልፎች ስናጥለቀልቀው እሷ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ታራግፈዋለች። «የጨነቀው ሰው ቁልፍ አያማርጥም፤ አንድ ይበቃል» ትላለች። ማስረዳት የሚያስፈልገው ዕቃ ለእሷ ገና ያልተሠራ ዕቃ ነው።

የመጨረሻው ዳኛ አባቷ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። አዲስ ዕቃ በተሠራ ቁጥር ቤታቸው ይዘን እንሄድና ምንም ሳትነግራቸው እጃቸው ላይ ታስቀምጠዋለች። እሳቸው ከቻሉት ማንም ይችለዋል። ሰውዬው አንድም ቀን አቅቷቸው አያውቅም። ይሄ ብቻውን ሊያጠራጥረን በተገባ ነበር፤ እኛ ግን ያጨበጨብን ጅሎች ነን።

ከዚያ ለአረጋውያን የእጅ አምባር ሠራን። የወደቀ ሰው ቁልፉን ሲጫን አምባሩ ለልጁ ይደውላል። በስህተት እየተነካ ቤተሰብ እንዳያስደነግጥ፣ አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ድረስ ተጭኖ መቆየት ነበረበት። አባቷ ተጭነው ቆዩ፤ በራ። «ግልጽ ነው ልጄ» አሉ። የመጀመሪያውን አምባር እናቷ እጅ ላይ አሰረችው፤ ግልጽ ስለሆነ አላስረዳቻቸውም።

አባቷ ገበያ በወጡበት ጠዋት እናቷ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። አባቷ ሲመለሱ የእናቷ ነፍስ ወጥታ ነበር። አምባሩን ስንመረምረው ቁልፉን ደጋግመው ነክተውታል፤ ግን እንደ በር ደወል ነካ እያደረጉ ይለቁት ነበር።

ከቀብር መልስ እኔ ባለሁበት አባቷ አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ብልህ ሆኜ አይደለም። በስልክ ስናወራ ስለ ሥራሽ ሁሉን ትነግሪኛለሽ። እሱን ይዤ ጠረጴዛው ላይ በጣቴ እለማመዳለሁ። እናትሽ ‹ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?› እያለች ትስቅብኝ ነበር።»

«ለምን አባዬ?»

«ባልደረቦችሽ ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ።»

እኔ ብሆን እጮህ ነበር። እሷ እጃቸውን ያዘች። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ብዙ ቆይታ አዲስ አምባር ሠራች። በዚህ ጊዜ ግን ለአባቷ በስልክ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አባቷ አገላበጡት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ቀና ብለው አዩዋት። ያፍራሉ ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

«አልገባኝም ልጄ» አሉ። «እናትሽም አይገባትም።»

ጉልበታቸውን ይዛ አለቀሰች። ከዚያ አምባሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እንደ አዲስ ልንጀምረው ወደ ሥራ ተመለስን።