ካፊያ ያላታለለው ዘር

ነገሌ ላይ የታሰርኩበት ክፍል ፍየል ፍየል ይሸታል። ግብር ካልከፈሉ ከብት አርቢዎች የተያዙ ፍየሎች ይታጎሩበት የነበረ ቆርቆሮ ቤት ነው። እስር ቤቱ ሲሞላ እኛን አስገቡን። ወለሉ ላይ ደረቅ የፍየል በጠጥ ተበትኗል። ጥግ ላይ አንድ የቦረና ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«አካም? ናጋ?» ብለው ሰላም አሉኝ፣ እቤታቸው እንደመጣ እንግዳ።

«ናጋ» አልኩ። አወቅኋቸው። ከአሬሮ ከብት ሊሸጡ መጥተው፣ በገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው። የታሰርነውም በዚያው ሰበብ ነው፤ እሳቸው ስለተናገሩ፣ እኔ ስለሰማሁ።

ያሰረን መኮንን አስጠርቶኝ ነገሩን በአጭሩ ጨረሰው። «ሽማግሌው ‹ግብር አትክፈሉ› ብሏል ብለህ ፈርም፤ ወዲያውኑ ቤትህ ትገባለህ። እስከ ቅዳሜ አስብበት።»

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። «ፍየሎቻችን በድርቅ አለቁ፤ ከሞተ ፍየል ምን ይከፈላል?» ነው ያሉት። ባለቤቴ ግን የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበር። ሁሉንም ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

በማግስቱ ካፊያ ጣለ። በጣሪያው ቀዳዳ የገባው ውሃ በጠጡን አራሰውና ከመሃሉ የግራር ዘሮች ታዩ። እኔ ጓሮዬን በግራር ላጥር ብዬ ዘሩን ከዛፉ ለቅሜ ዘርቼ ነበር፤ ክረምት አልፎ ክረምት ቢመጣ አንዲት አልበቀለችም። የሞተ ዘር ነው ብዬ ተውኩት። ይህን ነገርኳቸው።

ሳቁብኝ። «ሞተ አልክ? ተኝቶ ነው እንጂ! ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። ፍየል ታኝከው፣ ሆዷ ያለስልሰው፤ ያኔ ይነሳል።»

«ነገሩ የቆዳው ከሆነማ ድንጋይ ላይ መፋቅም ይበቃዋል» አልኩ።

«አንተ ፍየል ነህ?»

ከወለሉ ላይ፣ ከዛፉ ስር የተለቀሙ የመሰሉ ሁለት ያልተነኩ ዘሮች ፈልጌ የአንዱን ጀርባ ከግድግዳው ስር ባለ ድንጋይ ላይ ፋቅሁት። ሌላውን እንዳለ ተውኩት። ሁለቱንም አፈር በሞላሁት ጣሳ ውስጥ ቀበርኳቸውና ከምንጠጣው ውሃ አካፈልኳቸው።

«እስቲ እናያለን፣ የሱቅ ፍየል!» አሉ።

ከበሩ ውጭ በካፊያው የበቀለው ሣር ፀሐይ ሲወጣ ጠወለገ። ሽማግሌው በስንጥቁ እያዩት፣ «ግራር እንዲህ ለካፊያ ሁሉ ቢነሳ ቦረና ላይ ጥላ አይኖርም ነበር» አሉ። «አንዱ ዘንድሮ ይነሳል፣ ሌላው ይቆያል። ሁሉም ባንድ ቀን ከተነሳ አንድ ድርቅ ይጨርሰዋል።»

ቅዳሜ ጠዋት የተፋቀው ዘር አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። ሌላው ዝም አለ። ሽማግሌው ቡቃያውን አይተው እንኳ አልተሸነፉም፤ «የፍየሏ ቢሆን ይፈጥን ነበር» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የልጅ አባት ልትሆን ነው። ፈርም። እኔ አልቀየምህም» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ ባይቀየሙኝም የሰማሁትን ሰምቻለሁ» አልኩ።

መኮንኑ የተዘጋጀውን ወረቀት ገፋልኝ። ገልብጬ በባዶው ጀርባ ሽማግሌው ያሉትን ቃል በቃል ጻፍኩና ፈረምኩ። ፊደል ያስተማረኝ የለም፤ ብቻዬን ነው የለመድኩት። ግን የዚያን ቀን ጽሑፌ ቀጥ ያለ ነበር።

«ሚስትህ ልትወልድ ነው አሉ» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ። የሚወለደውም ያባቱን ስም ይዞ ነው የሚኖረው።»

ወረቀቱን ቀደደው። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሽማግሌው ጣሳውን ወደኔ በኩል ገፋ አድርገው፣ «የሱቅ ፍየል፣ መጣህ?» ብቻ አሉ።

ልጄ የተወለደችው እኔ እዚያው ሳለሁ ነው። ይህ ይቆጨኛል፤ አይቆጨኝም ብል እዋሻለሁ። ሽማግሌው ግን የሚመሰክርባቸው ጠፍቶ ቀድመውኝ ተፈቱ። ቡቃያውን በጣሳው ይዘውት ወደ አሬሮ ሄዱ። ያልበቀለውን ዘር ለኔ ትተውልኝ ነበር። እኔም ስፈታ አጥሬ ስር ቀበርኩት።

ዛሬ እዚያ ላይ ትልቅ ግራር ቆሟል። ልጆቼ እንግዶች በመጡ ቁጥር፣ «የእስር ቤቱ ዘር ነው በላቸው» ይሉኛል። አልልም። በመንደራችን ፍየል በጠጡን እየጣለ ቀኑን ሙሉ ያልፋል፤ የትኛው ዘር እንደሆነ አላውቅም። ለልጄ መወለድ ያልዋሸሁ ሰው ለዛፍ አልዋሽም። ጥላው ግን ደህና ነው፤ ግቡና ተቀመጡ እላቸዋለሁ።