የግቢው አልጋ

ከባሌ ጋር ከተፋታን በኋላ የሰባት ዓመት ልጃችንን የማሳደግ መብት እንዲሰጠኝ ለፍርድ ቤት አመለከትኩ። እሱም ለእኔ ይገባል ብሎ መልስ አስገባ። መልሱን ተቀብዬ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ፤ «ሕፃኗን ደጅ ታሳድራለች» ይላል።

እውነቱን ነው። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲብስ አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ አጎበር ወጥረን ነው የምንተኛው። እሱ ራሱ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ተወልዶ ያደገ የድሬ ልጅ ነው፤ በሰኔ ወር ጣሪያ ሥር አድሮ የሚያውቅ አይመስለኝም። ዳኛው ግን ከደጋ አገር በቅርቡ ተዛውረው የመጡ ናቸው አሉ። ብርድ ልብስ ደራርቦ ላደገ ሰው ደጅ ማደር ጎዳና ላይ መጣል ነው።

ለጎረቤቴ ብነግራት ሳቀችብኝ። «አቦ ተይን! ወላሂ በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ እብድ ብቻ ነው» አለችኝ።

እኔ ግን ፈርቻለሁ። የፍርድ ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ሳታሳውቅ መጥታ ቤቴን እንደምታይ ተነግሮኛል። አልጋውን አስገባሁ። ልጄንም ቁጭ አድርጌ፣ «የት ነው የምትተኚው ካሉሽ ቤት ውስጥ በይ። ደጅ ካልሽ ይወስዱሻል» አልኳት። ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የቆርቆሮ ቤታችን እንደ ዳቦ ምድጃ ግሎ ልጄን ሽፍታ በሽፍታ አደረጋት። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የመጣች ዕለት ልጄ አንገቷን እያከከች ነበር። ሴትዮዋ ሽፍታውን አየችና ጻፈች። ምን እንደጻፈች ሳልጠይቃት ሸኘኋት።

በቀጠሯችን ቀን ዳኛው ልጄን ለብቻዋ ቢሯቸው አስገብተው አነጋገሯት። እኔና አባቷ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስድቤን አወርድበት ነበር፤ ያን ቀን ግን «ልጄን አትውሰድብኝ» ብዬ እግሩ ላይ ለመውደቅ ምንም አልቀረኝም።

ችሎት ስንገባ ዳኛው አንገታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። «እርስዎ ልጅ ሳሉ በዚህ ወር የት ነበር የሚተኙት?» ብለው አባቷን ጠየቁት።

«ግቢ ውስጥ» አለ አቀርቅሮ።

«እኔም እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ግቢ ውስጥ ነው የማድረው» አሉ ዳኛው። ቀጥለውም የማኅበራዊ ሠራተኛዋን ጥናት አነበቡ። ሽፍታው የሙቀት እንደሆነ፣ ልጅቷም ከእኔ ጋር ብትኖር እንደሚበጃት ጽፋለች። ከእኔ ጋር እንድትሆን፣ አባቷም ቅዳሜና እሑድ እንዲወስዳት ተወሰነ። ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ።

ሲመሽ አልጋውን ጎትቼ ግቢ አወጣሁ፤ አጎበሩን ወጠርኩና ጠራኋት። ልጄ ትራሷን አቅፋ የበሩ ደፍ ላይ ቆመች።

«እኔ ውስጥ ነው የምተኛው» አለች።

«አለቀ እኮ እናቴ። ማንም አይወስድሽም» አልኳት።

የግቢውን በር አየት አደረገችና ወደ ውስጥ ተመለሰች። ትንሽ ቆይታ ከጨለማው ውስጥ ተጣራች።

«እማዬ፣ አንቺም ነይ። እንዳይወስዱሽ።»

አልጋውን መልሼ አስገባሁ።