የሐኪሟ ስምንት ባትሪዎች

ጠዋት ጠዋት፣ ከማንም ጋር ሰላም ሳትባባል፣ ጀልባው ውስጥ ትወርድና የመቀመጫውን ክዳን ታነሣለች። ከዚያም የቀኝ እጇን ጀርባ በእያንዳንዱ ባትሪ ጎን ላይ ለአፍታ ታሳርፋለች፤ ከአንድ እስከ ስምንት፣ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስሰው። ኃይል ሲሞሉ ያደሩ ባትሪዎች እኩል ለብ ማለት አለባቸው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ታሟል ማለት ነው። ወደቡ ላይ የሚያውቋት ሁሉ «ሐኪሟ» የሚሏት ከዚህ የተነሣ ነው። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ እያደር ስሟ ሆኖ ቀረ።

ጀልባው የአባቷ ነው። ሠላሳ ሰው ይጭናል፤ ከአንዱ የሐይቅ ዳር ወደ ሌላው ሰው ሲያመላልስ አርባ ዓመት አልፎታል። አርባውንም ዓመት የገፋው የናፍጣ ሞተር ነው። ሞተሩ የአባቷን ግራ ጆሮ በልቶታል፤ ስለዚህ ካፒቴኑ ሲያወራ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ደግሞ የተቆጣ እየመሰላቸው ሰዎች ይሸሹታል። ሐኪሟ «የኤሌክትሪክ ሞተር እንግጠም» ባለችው ቁጥር ሦስት ዓመት ሙሉ መልሱ «እ?» ነበር። አልሰማ ብሎ ይሁን አልፈልግ ብሎ ለመለየት የሚያስቸግር «እ?» ነው።

በመጨረሻ ግን ሰማ።

«እሺ፣ ግጠሚ!» አለ እንደ ልማዱ እየጮኸ። «የኔ ሞተር ግን ዳር ላይ ይቀመጣል። ስትዘጋጂ ንገሪኝ፤ ሰው እንደሞላን ሁለቴ ሄደን ሁለቴ እንመለሳለን። ካልቻለ በማግስቱ ሞተሬን እመልሳለሁ።»

«አባዬ፣ መቻሉ ብቻ አይበቃም» አለችው። «ባትሪ በየቀኑ ከግማሽ በታች እየወረደ ከሠራ ዕድሜው ያጥራል። አራቱን ጉዞ ጨርሰን ከግማሽ በታች ከሆነ እኔው ራሴ አወጣቸዋለሁ። ሁለተኛም አላነሣብህም።»

«ያልጠየቅኩሽን ምን አስጨመረሽ?»

እሷም አላወቀችውም። አፏ ቀድሟት ነው።

ባትሪዎቹን ስትገዛ ባለሱቁ መጀመሪያ ያቀረበላት የሚያብረቀርቅ የመኪና ባትሪ ነበር። «ይቺ ከባድ መኪና ታስነሣለች» አላት።

«እኔ የምፈልገው ማስነሣት ሳይሆን ማዝለቅ ነው።»

የመኪና ባትሪ ያለውን ኃይል በአንድ ትንፋሽ ሰጥቶ ያርፋል። የጀልባው ግን ቀስ እያለ ለሰዓታት መስጠት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ወፍራም መሆን አለባቸው። በላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የፈለገውን ይበል፣ ወፍራም እርሳስ በክብደቱ ይታወቃል። ስለዚህ ሐኪሟ እጅጌዋን ሰብስባ መደርደሪያው ላይ ያለውን ባትሪ አንድ በአንድ ታቅፋ ታነሣው ጀመር።

«እህቴ፣ ባትሪ ነው በግ የምትገዢው?»

«በግማ ቢሆን አንዱ ይበቃኝ ነበር።»

ስምንት ከባዶች፣ ስምንቱም በአንድ ወር የተሠሩ፣ መረጠች። ቤት ወስዳ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፈችባቸው። ስድስት ወር ሙሉ ባዶውን ጀልባ እያንቀሳቀሰች አለማመደቻቸው። ሽቦ የሚታሰርበት ራሳቸው ላይ ነጭ ዝገት ሲታይ በሶዳ ውኃ አጥባ፣ አድርቃ፣ ግራሶ ትቀባቸዋለች። ከሥራ በኋላ ባዶ አሳድራቸው አታውቅም።

ከዚያም ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት እጇን ስታሳርፍ ስድስተኛው ቀዘቀዛት።

እጇን አነሣች፤ መልሳ አሳረፈች። አምስተኛው ለብ ብሏል፣ ሰባተኛው ከወትሮው ጋል ብሏል፣ ስድስተኛው ድንጋይ ነው። መብራት አብርታ ጎንበስ ስትል ነጩ ቁጥር የለም። መልኩ እንደሌሎቹ ጥቁር ነው፤ ባትሪው ግን የሷ አይደለም።

ወደቡ ላይ ከአባቷ ሌላ ባትሪዎቹ ያሉበት የመቀመጫ ሣጥን ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ አርባ ዓመት የናፍጣውን ሞተር ሲጠግን የኖረው መካኒክ። ልብሱም ጢሙም ናፍጣ ናፍጣ ስለሚሸት «ጭስ» ይሉታል። የድሮ ሞተሩን አጥብቆ እንደሚወድ ታውቃለች። ደሟ ፈልቶ ወደ ጋራዡ ሮጠች።

«ጋሽ ጭስ! ስድስተኛዬ የት ነች?»

ፊቱ በደስታ በራ። «ሳልነግርሽ ደረስሽበት? አዲስ እኮ ነው! ትናንት አንቺ ምሳ ስትሄጂ ቀየርኩልሽ። ያቺ ከሌሎቹ ደከም ያለች መሰለችኝ፤ ነገ ሰው ፊት እንዳታሳፍርሽ ብዬ…»

ይህ ሰው ፈተናውን አበላሽቶ የሚወደውን ሞተር ሊያስመልስ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ያሰበው ስለ እሷ ነው።

«ጋሼ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ስምንት ሰው አንድ ግንድ ተሸክሞ ሲሄድ፣ አንዱ አዲስ ገብቶ በራሱ እርምጃ ቢራመድ ምን ይሆናል?»

«ግንዱ ይወድቃል።»

«ባትሪም እንደዚያው ነው። እነዚህ ስድስት ወር አብረው ሞልተው አብረው የጎደሉ ናቸው። አዲሱ ሲሞላም ሲሰጥም ከነሱ ጋር አይገጥምም፤ ሌሎቹንም ያበላሻል፣ ራሱም ይበላሻል።»

ጭስ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«የኔዋስ?» አለችው።

ጣራውን አየ። ከኋላው ሬዲዮ ይዘፍናል፣ ከሬዲዮው አጠገብ ትንሽ ማራገቢያ ይሽከረከራል፣ ከሁለቱም የሚወጡት ሽቦዎች ቁጥር ስድስት ራስ ላይ ታስረዋል።

«ጭራሽ ሬዲዮ ያዳምጡባታል!»

«ከትናንት ጀምሮ ነው እንጂ… ጎበዝ ናት እኮ! አንዴም አልተቆራረጠችም!»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። እየሳቀች ሽቦዎቹን ፈታች፤ እየሳቁ ለሁለት ተሸክመው ወሰዷት።

ስድስተኛዋ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን በትንሹ ቻርጀር ቀስ ብላ ሞላች። ጭስ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሐኪሟን አላስቀምጥ አላት። «ውኃ ልጨምርላት?»

«አሁን አይደለም። ሰሌዳዎቹ ተሸፍነዋል፤ ይበቃል። ስትሞላ ውስጧ ያብጣል፤ አሁን ብንጨምር አሲዱ ገንፍሎ ይወጣል። ውኃ የሚጨመረው ከሞላች በኋላ ነው፤ እሱም የተጣራ ውኃ።»

በየሰዓቱ የባትሪዋን መሙላት በምትለካባት የመስተዋት ቱቦ አሲዱን ትስበዋለች፤ ቱቦዋ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ከፍ ባለች ቁጥር ጭስ ያጨበጭባል። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ተንሳፋፊዋ መሙላቷን የሚያሳየው አረንጓዴ መስመር ላይ ቆመች። ስድስተኛዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ሠላሳ ሰው ተሳፈረ። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ሁለት ጆንያ ይዛ መጥታ ልክ ከባትሪዎቹ በላይ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ከሥሬ ያለው ነገር ይፈነዳል ወይ?»

«አይፈነዳም እትዬ።»

«ከፈነዳማ ሽንኩርቴ ተጠብሶ ይደርሳል» ብላ ጀልባውን በሳቅ ሞላችው።

ካፒቴኑ መሪውን ይዞ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ ትዕግሥቱ አለቀ። «ሂጂ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሄደናል እኮ አባዬ።»

ሁሉም ዞር ሲል ወደቡ ርቋል! ጭስ ዳር ላይ ቆሞ ሁለት እጁን እያውለበለበ ይዘላል። ለካ ውኃው ድምፅ አለው፤ ከጀልባው ሆድ ሥር ቸር፣ ቸር ይላል። አባቷ ደኅናውን ጆሮውን ወደ ታች አዘንብሎ ቀረ።

ሐኪሟ በባትሪዎቹ የቀረውን ኃይል ከሚያሳየው መለኪያ ዓይኗን አልነቀለችም። ከመቶ ሲነሡ፣ አንደኛው ጉዞ ሲያልቅ ሰማንያ ሰባት። ሲመለሱ ሰባ አምስት። ሦስተኛው ሲያልቅ ስድሳ ሁለት። በልቧ ቀነሰች። አንድ ጉዞ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ይበላል፤ ሃምሳ ላይ ይቆማል ወይም አርባ ዘጠኝ ይሆናል። ራሷ ያሰመረችው መስመር አፍንጫዋ ላይ መጣባት። ለመጨረሻው ጉዞ ተነሡ።

ወደቡ ላይ ገመዱን እንዳሰሩ ጭስ ዘሎ ገብቶ መለኪያው ላይ ተደፋ።

«ሃምሳ ሦስት!» ብሎ ጮኸ። «ሰዎች፣ ሃምሳ ሦስት ነው!»

ምን እንደሆነ ያልገባቸውም ተሳፋሪዎች እልል አሉ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ሐኪሟን አንቃ ሳመቻት። ሐኪሟ ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል፣ ክዳኑን ከፍታ እጇን ታሳርፋለች፤ ስምንቱም እኩል ለብ ብለዋል።

«ጭስ» አለ ካፒቴኑ፣ «ያንን ሞተር ከዳር አንሣልኝ። መንገድ ዘግቷል።»

«የት ላድርገው?»

«ሬዲዮ ስማበት።»

ሁሉም ዘወር አለ። በቀልዱ አይደለም፤ ካፒቴኑ ሳይጮኽ ሲናገር የሰማው ሰው ስላልነበረ ነው።

ሐኪሟ ይህ ሁሉ ይጻፍ ብላለች። ተዪልኝ ብላ የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጀልባው አፍንጫ ላይ በዘንግ የታሰረች ቀይ ጨርቅ አለች። ሦስቱን ጉዞ ወደ ኋላ ስትውለበለብ ነበር። በአራተኛው፣ ሐይቁ መሀል ሲደርሱ፣ ጀልባው እየሄደ ጨርቋ ቀጥ ብላ ተንጠለጠለች። ነፋሱ ተነሥቶ ነበር፤ ከኋላ፣ ከነሱ እኩል እየሄደ፣ እየገፋቸው፣ የባትሪዎቹን ሥራ እያቀለለ። ሐኪሟ አየችውና ደነገጠች፤ አባቷ አይቶ እንደሆነ ዞራ ተመለከተች። አርባ ዓመት ነፋስ ያነበበ ሰው ከሷ ቀድሞ አይቷል። «ያዢልኝ» ብሎ መሪውን ሰጣት። በሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተራምዶ እስከ አፍንጫው ሄደ፣ ጨርቋን ፈታ፣ አራት ቦታ አጠፋትና ደረት ኪሱ ውስጥ ደበቃት። ከዚያ ተመልሶ መጣና መሪውን ተቀበላት።